ጳጉሜ አምስትን ለልጃችን

ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ መጀመሪያ ስለሚስቅ፣ መሐላው ይቅደም። ከሚከተለው ውስጥ አንዲት ውሸት ብትገኝ የተናገራት ምላስ ሰባት ክረምት ትድረቅ። የተጨመረ ነገር የለም። የተቀነሰ ግን አለ። እውነቱ እንዳለ ቢነገር የሰው ጆሮ ስለማይችለው፣ ለሰሚ ታዝኖ ሲሶው ቀርቷል።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ዘጠና አንድ፣ ዘመነ ሉቃስ ነው። ሰው በመሬት መጓዝ ከተወ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። መንገዱ ለጭነት ተለቋል፤ ሾፌር የሌላቸው መኪኖች እህልና ሲሚንቶ ይዘው ይመላለሱበታል፣ ከዚያ በተረፈ ሣር በቅሎበታል። ደሴ ያለ ዘመዱን ለመጠየቅ የፈለገ የአዲስ አበባ ሰው ይበርራል። ከደሴ ኮምቦልቻ ለቅሶ የሚደርስ እንኳ ይበርራል፤ ተነስቶ ቀበቶውን ሳያስር ያርፋል።

ይግለጡ ዘርጋው የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው ሲሆን ሥራው አሳንሰር መጠገን ነው። መጠገን ማለት እንኳ እሱን ማሳነስ ነው። መቶ ሃያኛው ፎቅ ላይ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ፣ በሌላው ምሳውን እየበላ፣ የተበጠሰ ገመድ በጥርሱ የቀጠለ ሰው ነው። አሳንሰሮቹ ድምፁን ሲሰሙ ሳይነኩ ይነሱ ነበር ይባላል። ይባላል ብቻ ሳይሆን ይነሱ ነበር።

የእህቱ ልጅ ናሁሰናይ፣ ትሁኔ የምትባል የደሴ ልጅ ወደደ። የትሁኔ አባት አቶ ይመር አራጋው በቀጠሮ ቀልድ የማያውቁ ሰው ናቸው። መልእክታቸው ሁለት መስመር ነበረች፦ «ሽማግሌ ከላካችሁ ጳጉሜ አምስት ከሰዓት በኋላ ይምጣ። ጳጉሜ ስድስት የሌላ ሰው ሽማግሌዎች ይመጡብኛል።»

ትሁኔም ለናሁሰናይ ለብቻው ጻፈችለት። «አባቴ ሳይመርቀኝ አላገባም፤ ይህን ታውቃለህ። ቀድሞ ደጁን ለረገጠ እሺ ማለቱም አይቀርም። እባክህ እንዳታረፍዱ።»

ሦስት ሽማግሌዎች ተመረጡ። አንደኛው ጋሽ ሞገስ፣ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው፣ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር፤ የጆሮ መስሚያ ያደርጋሉ፣ ቃል ይቆጥባሉ። ሁለተኛዋ እትዬ ስንዱ፣ ግማሹን ሰፈር ያዋለዱ አዋላጅ፤ እሳቸው ደግሞ ቃል አይቆጥቡም። ሦስተኛው የልጁ አጎት ይግለጡ ነው።

«ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ» አለ ይግለጡ። «እናንተ ካባችሁን ብቻ አራግፉ።»

ቆረጠም። የትኬት ቆራጩ ድምፅ «ለመቼ ይሁን?» ብሎ ሲጠይቀው ሌላ ሰው ቢሆን «ለጳጉሜ አምስት» ብሎ ይገላገል ነበር። ይግለጡ ግን ደረቱን ነፍቶ፣ አዋጅ እንደሚያስነግር ሰው፣ «ለዓመቱ የመጨረሻ ቀን፣ ሦስት ትኬት!» አለ።

የዓመቱ የመጨረሻ ቀን ጳጉሜ አምስት ነው። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስድስተኛ ቀን ትመጣለች። ያ ዓመት ያ ዓመት ነበር።

*

ጳጉሜ አምስት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሦስቱም ነጭ በነጭ ለብሰው ከአየር ማረፊያው ደረሱ። ወደ አውሮፕላኑ በሚያሳልፈው በር ላይ ሰው አልነበረም። ሰው ኖሮም አያውቅም። ደሴ የሚበረው «ሰባተኛ ደመና» የተባለው ድርጅት ብቻ ሲሆን፣ ሠራተኛ ቀጥሮ አይቶት የሚያውቅ የለም።

በሩ አልተከፈተም።

«ግልጤ» አለ ከበሩ የወጣ ድምፅ። «የናንተ በረራ እኮ ነገ ነው፣ የኔ ልጅ።»

ይግለጡ ቢለምደውም ደነገጠ። ድምፁ የእታለም ነበር። እታለም ያሳደገችው አክስቱ ናት፤ ከሞተች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከእሷ በቀር ግልጤ ብሎ የጠራው ሰው የለም።

ይህ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። ሰባተኛ ደመና፣ ሰው ሥጋ ዘመዱ ላይ እንደማይጮህ ካወቀ ወዲህ፣ ደንበኛ የሚያስተናግደው ደንበኛው እምቢ ሊለው በማይችል ድምፅ ነው። ድምፁን ከየት እንደሚያመጣው አይናገርም። ሁሉም የሚሰማው የራሱን ነው። እትዬ ስንዱ ወዲያው ወገባቸውን ያዙ።

«ደግሞ አንተ መጣህ?» አሉ በሩን። ለእሳቸው የተናገራቸው ሟች ባላቸው ነበር። «በቁምህ ያልሰማሁህን አሁን ልሰማህ?»

ጋሽ ሞገስ ማን እንደተናገራቸው አልገለጹም። የጆሮ መስሚያቸውን ቀስ ብለው አወጡና ኪሳቸው ከተቱት።

«እታለም» አለ ይግለጡ፣ ሳያስበው ባርኔጣውን አውልቆ። «ስህተት ነው። የፈለግነው የዛሬውን ነው። አውሮፕላኑ ያውና ቆሟል።»

በመስታወቱ ውስጥ ይታያል፤ ጭጋግ መሀል የቆመ ነጭ አውሮፕላን። ስድስት ሰዓት ላይ ይነሳል። ሁለት መቶ ወንበር አለው፤ ሁለት መቶውም ባዶ ነው።

«አየሁት፣ የኔ ጌታ» አለች እታለም። «ለውጡ ይቻላል። ወደኋላ የሚገፋ ለአንድ ቀን አንድ ቀን ይቀመጣል። ወደፊት የሚቀድም ለአንድ ቀን ሦስት ቀን ይቀመጣል። ሂዱና ወንበር ያዙ።»

ይህም ለማንም አዲስ አልነበረም። ድሮ ትኬት የለወጠ ሰው በገንዘብ ይቀጣ ነበር። ሕዝቡ ተማረረ፣ ጮኸ፣ አንድ ክረምት ሙሉ መስታወት ሰበረ፤ ድርጅቱም ሰማ። የገንዘብ ቅጣት ቀረ። ከዚያ ወዲህ ትኬት የሚለውጥ ሰው አይከፍልም፤ ይቀመጣል። ወንበሩ ክብደቱን ያውቃል፣ ሰዓቱን ይቆጥራል። ከተቀመጠ ደግሞ ተስማምቷል ማለት ነው። ሰው የተቀመጠው ሰዓት ተሰብስቦ የት እንደሚሄድ የጠየቀ የለም።

«አንዴ ቆይ» አሉ እትዬ ስንዱ። «ዛሬ ለመሄድ ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ቀን እንቀመጥ? ስንነሳ መስከረም ሁለት ሊሆን?»

«አዎ፣ ስንድዬ» አላቸው ባላቸው፣ በለሰለሰ ድምፅ።

«ታዲያ መስከረም ሁለት ላይ ጳጉሜ አምስትን ከየት አምጥተህ ልትሰጠኝ ነው?»

«ስለ ትዕግሥትሽ እናመሰግናለን» አለ ባላቸው።

«ይሄ እሱ አይደለም» አሉ እትዬ ስንዱ ወደ ይግለጡ ዞረው። «እሱ አመስግኖኝ አያውቅም።»

*

ከበሩ ወዲህ፣ ከኋላቸው ያለው የመቀመጫ አዳራሽ ስፋት ሊነገር አይችልም፤ ይነገር ከተባለ ግን ከዳር ዳር በእግር ግማሽ ቀን ያስኬዳል። አርባ ሺህ ወንበር አለው። ጣራው ስለማይታይ ጠዋት ጠዋት ከላይ ጉም ይወርዳል፣ እኩለ ቀን ላይ አንዳንዴ ያካፋል። ሰዎች ተቀምጠዋል። ሳምንት የተቀመጡ አሉ፣ ዓመት የተቀመጡ አሉ፤ ትኬት በለወጡ ቁጥር ቀጠሮው ያልፍባቸዋል፣ ቀጠሮው ባለፈ ቁጥር እንደገና ይለውጣሉ። ረድፍ አሥራ አራት የራሱ እድር አለው፤ ድንኳን፣ ጥሩምባ፣ ዳኛ ሳይቀር። ረድፍ ሃያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የተዋወቁ ወንድና ሴት ተጋብተው፣ ሚዜዎቻቸውም ሳይነሱ ከወገብ በላይ እስክስታ ወርደዋል።

ሁሉም በለሆሳስ ያወራል። አንዱ ከእናቱ ጋር፣ አንዷ ከወንድሟ ጋር፣ አንድ ሽበታም ጄኔራል ከሞግዚቱ ጋር። ከሩቅ ሲሰማ የንብ ቀፎ ይመስላል። ማንም አይቆጣም፤ አንዳንዱ እንዲያውም ፈገግ ብሏል።

ይግለጡ አንዱን ወንበር በእጁ ዳሰሰ። ወንበሩ ቅርብ ነው፤ ሰፊና ለስላሳ ነው።

«ደክሞሃል፣ ግልጤ» አለች እታለም። «አረፍ በል። ያን ጊዜ ልጅ ሳለህ፣ ወፍ ጭማቂ የሚባለውን ተራራ በእግር ስንወጣ እንዳደረግነው።»

«ማንም እንዳይቀመጥ!» አሉ ጋሽ ሞገስ።

ጠዋት ከቤት ከወጡ ወዲህ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ተክለው፣ በሩ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። ይግለጡ አሰብ አደረገና ጥበቡ ገባው። ገባው ብቻ ሳይሆን ጥበቡን ያመጣው ራሱ እሱ ነው፤ ጋሽ ሞገስ ቀድመው አፋቸውን ከፈቱ እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰባተኛ ደመና ድምፆቹን ጨዋነት ያስተማረው ከሠርግና ከሽምግልና ቅጂ ነው። አርባ ዓመት የተሰበሰበ ቅጂ። ስለዚህ ድምፆቹ ይሉኝታ አላቸው። የቆመ ሽማግሌ ፊታቸው እያለ ጉዳይ መዝጋት አይችሉም።

«ተቀመጡ እንጂ» አለች እታለም።

«አንቀመጥም» አለ ይግለጡ።

«ኧረ በሞቴ!»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

 ከበሩ በስተጀርባ አንድ ነገር ሲንሿሿ ተሰማ፤ አርባ ዓመት የሽምግልና ቅጂ በአንድ ጊዜ የሚገላበጥ ይመስል ነበር።

«እሺ» አለች። «ለምን ጉዳይ መጣችሁ?»

ይግለጡ ጉሮሮውን ጠረገ። ያን ቀን የተናገረውን የሰሙ ሁሉ እስከ ዛሬ ይቀኙበታል። «የመጣነው ልጅ ልንጠይቅ ነው» አለ። «ጨዋ ቤት መሆኑን ሰምተን መጣን። እናንተ ዘንድ ጳጉሜ አምስት የምትባል ቀን አለች። ሲያዩዋት ትንሽ ናት፣ ዕድሜዋም አንድ ቀን ነው። ለልጃችን ስጡን። እንደ ዓይናችን ብሌን እንይዛታለን።»

እትዬ ስንዱ እልል ሊሉ ከጀሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ክብረት ይስጥልን» አለች እታለም፣ እንደ ሴት ልጅ ወላጅ ድምፅዋን አክብዳ። «ዘመድ ይምከርበት። የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ።»

«ይኸው ጀመራት» አሉ እትዬ ስንዱ። «ይሄንንም ተምሯል!»

«ቆመን እንጠብቃለን» አለ ይግለጡ።

ቆሙ። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሰዓት ሆነ። ለቆመ ሰው አንዱ ሰዓት አሥር ነው። መጀመሪያ ከረድፍ አንድ አንዲት ሴትዮ ቀና ብላ አየቻቸውና ተነሳች። ቀጥሎ ጄኔራሉ። ቀጥሎ እድሩ ከነዳኛው። ከዚያ አርባ ሺህ ሰው ባንድ ጊዜ ሲነሳ፣ የወንበሩ መታጠፍ እንደ እርግብ መንጋ ክንፍ ድምፅ ሰጠ፤ ነፋሱም ጉሙን ከጣራው ገፈፈው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማይ ታየ። የንብ ቀፎው ጸጥ አለ። 

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የአውሮፕላኑ መብራት በራ።

«ግልጤ፣ በናትህ» አለች እታለም። «አታስጨንቀኝ።»

ይግለጡ ያኔ ያደረገውን ማንም ሰው በማንም ማሽን ላይ አድርጎት አያውቅም። በግንባሩ ወደቀ። ካባውን እንደለበሰ ተዘረጋና የበሩን ደፍ በሁለት እጁ ይዞ፣ እግር እንደሚስም ሰው፣ ብረቱን ሳመው።

«ኧረ ተው! ኧረ ተነስ!» አለች እታለም።

«እሺ ካላልሽኝ አልነሳም።»

«ተነስ ልጄ፣ ነውር ነው!»

«አንሺኝ እንግዲህ።»

እዚህ ላይ ነገሩ ከበዳት። እግር ላይ የወደቀን ሰው ብድግ አድርጎ ማንሳት ግዴታ ነው፤ በአርባ ዓመት ቅጂ ውስጥ ወድቆ የተተወ ሰው አንድም የለም። እሷ ደግሞ እጅ የላትም። እግርም የላትም። ድምፅ ብቻ ናት፤ ያውም የሰው ድምፅ። በሩ ግራና ቀኝ ተንቀጠቀጠ፤ የሚያነሳበት ክንድ የሚፈልግ ይመስል ነበር። መብራቶቹ በሙሉ ደብዘዝ አሉ። ከኋላ አርባ ሺህ ሰው አንድ በአንድ ተንበረከከ።

«እሺ» አለች እታለም፣ በጣም ቀስ ብላ። «እሺ፣ የኔ ልጅ። ውሰዷት። ተነስ በቃ።»

በሩ ተከፈተ።

በረራውን መተረክ አያስፈልግም፤ እንዲያው ግን አውሮፕላኑ ድምፅ አልነበረውም። ሦስቱ ሰዎች በሁለት መቶ ወንበር መሀል ተራርቀው ተቀመጡ፤ ሆኖም የእያንዳንዳቸው ትንፋሽ ለሌላው ይሰማ ነበር። ከታች አሮጌው መንገድ በሣር ተሸፍኖ፣ ተራራውን እየዞረ፣ አንዳንዴ እየጠፋ ይታያል። ይግለጡ በመስኮቱ ሲያይ አንዲት ሴትና አንድ ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው መንገዱን ሲወጡ ያየ መሰለው። ጉም መጣና ሸፈናቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ የአቶ ይመርን ደጅ አንኳኩ። አቶ ይመር ሰዓታቸውን አዩ፣ ሦስቱን አዩ፣ «ግቡ» አሉ። ሌላ ቃል አላስፈለገም።

*

ሠርጉ ጥር ላይ ደሴ ሆነ። የተጠራው ሰው አሥር ሺህ ነው፤ የመጣው ከዚያ ይበልጣል። ሙሽሮቹ ለጭፈራ እንደወጡ፣ ይግለጡ ከአቶ ይመር ገበታ ተቀምጦ ታሪኩን ለዘጠነኛ ጊዜ ጨረሰ። የደሴ ሰው በጨዋነቱ የታወቀ ነው፤ አንገቱን እየነቀነቀ «ኧረ በል!»፣ «እውነትም ሽማግሌ!» ይላል። አንድ የሙሽራዋ አጎት ግን ወደ ጋሽ ሞገስ ዘንበል አሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎም ነበሩ አሉ። እውነት በሩን ስሞ አስከፈተው?»

ጋሽ ሞገስ እጃቸውን በጨርቁ ጠረጉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ፤ ገበታው ሁሉ ግን ሰማ።

«አልቆምንም» አሉ። «እንደገባን ነው የተቀመጥነው። ስድስት ሰዓት ላይ አውሮፕላኑ ባዶውን ሲነሳ በመስታወቱ አየነው። ሦስቱን ቀን ጨረስን።»

«ታዲያ ጳጉሜ አምስትስ?»

«አለፈች። ስድስትም አለፈች። ከጎናችን ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ነበር፤ ስንቅ ተካፍለን በላን። የዚያኛው ልጅ ሽማግሌዎች መሆናቸውን ያወቅነው በሁለተኛው ቀን ነው። እነሱም ትኬት ሊለውጡ ነበር።»

የሙሽራዋ አጎት ወደ አቶ ይመር ዞሩ። አቶ ይመር ዓይናቸውን ከገበታው ሳያነሱ፣ «ሁለት ቀን በሬን ከፍቼ ዋልኩ» አሉ። «ማንም ሳይመጣ ሲቀር ልጅቷን ራሷን ጠየቅኋት።»

 ውጭ ከበሮው ይሰማል። ይግለጡ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ጋሼ ደግሞ» አለ። «እኔስ? መውደቄንም ሊክዱኝ ነው?»

ጋሽ ሞገስ ትከሻውን ያዝ አደረጉት።

«አልወደቅህም፣ ይግለጡ። መስከረም ሁለት ጠዋት ሰዓታችሁ ሞልቷል ተነሱ ሲሉን፣ ‹እኔና እታለም ገና አላወራንም› ብለህ እምቢ ያልከው አንተ ነህ። እኔና ስንዱ ብብትህን ይዘን ነው ከወንበሩ ያነሳንህ።»